ለበጎ አድራጎት ረጅም የብስክሌት ጉዞ፦ ልምምዱም ልመናውም በአንድ ቀን ይጀመር

በቀን 100 ኪሎ ሜትር፣ ለ4 ቀን፣ በድምሩ 400 ኪሎ ሜትር እንበል። ጤነኛ ሰው 16 ሳምንት በወጉ ከተለማመደ ይህን መንገድ ይወጣዋል። ጉዞውን የሚያበላሹት የተላላጠ ቆዳ፣ የታመመ ጉልበትና ሳይበሉ መቆየት ናቸው። መዋጮውን የሚያጎድለው ደግሞ ዘግይቶ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ለእግር፣ ኋላ ለገንዘብ ብላችሁ አትከፋፍሉት።

መቀመጫው

ኪሎ ሜትር ከመቁጠራችሁ በፊት የመቀመጫውን ከፍታ አስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ውጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ እስከ ታች አውርዱት። እዚያ ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው፤ በፊተኛው የእግር መዳፍ ስትረግጡ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይላል። ስትነዱ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ መቀመጫው ከፍ ብሏል። ጉልበት ከፊት በኩል ካመመ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ስላለ ነው፤ ከኋላ ካመመ ከፍ ስላለ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱት፤ የድሮውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ ክብደታችሁ እጅ ላይ አርፏል፦ መሪው ርቋል፣ ወይም የመቀመጫው አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሏል።

ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ይለበሳል። ከላብ ጋር ሆኖ ቆዳ የሚልጠው የውስጥ ሱሪ ስፌት ነው። ቅባት ተቀቡ፣ እንደወረዳችሁ ቀይሩ፣ ቢያንስ ሁለት ቁምጣ ይኑራችሁ። ያልደረቀ ቁምጣ መልሶ መልበስ ለእባጭ በር መክፈት ነው።

ልምምዱ

በሳምንት ሁለት ቀን ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ አንድ ቀን ደግሞ ረጅም ጉዞ ይበቃል። ረጅሙን በ30 ኪሎ ሜትር ጀምራችሁ በየሳምንቱ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ፤ በየአራተኛው ሳምንት ሲሶውን ቀንሳችሁ እረፉ። በዚህ ስሌት 14ኛው ሳምንት ላይ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። በማግስቱ ሌላ 50 ጨምሩበት፤ የብዙ ቀን ጉዞ ፈተናው በደከመ እግር እንደገና መነሳት ስለሆነ ይህን ሳትሞክሩ አትሂዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በግማሽ ቀንሱ። ፍጥነቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የሚያስችል ይሁን፤ በከባድ ማርሽ ከመታገል ቀለል አድርጎ ፔዳሉን በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ማዞር ለጉልበት ይሻላል።

ምግብ በልምምድ ጊዜ ይለመድ። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው። በመጀመሪያዎቹ 45 ደቂቃዎች ውስጥ መብላት ጀምሩ፤ ረሃብ ከተሰማችሁ በኋላ መብላት ቶሎ አይደርስም። እንደ ሙቀቱ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ጠጡ። ጨው ሳይጨምሩ ውሃ ብቻ ከልክ በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ስለሚያቀጥነው አደገኛ ነው።

ብስክሌቱ

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ከአንዱ ፒን (የሰንሰለቱን ቁራጮች ከሚያያይዙት ትናንሽ ዘንጎች አንዱ) መሃል ተነስታችሁ 24 ፒን ቁጠሩ፤ አዲስ ከሆነ ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ከደረሰ ቀይሩት። ከ307 ካለፈ የማርሹ ጥርሶችም ተበልተው ይሆናልና አዲሱ ሰንሰለት ይዘልባቸዋል። ጎማና ፍሬን መቀየር ካለበት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሁን። ሁለት ካላማዳሪ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት መቀጠያና ባለስድስት ማዕዘን ቁልፎች ያዙ። ጎማ ሲፈነዳ አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት በጥንቃቄ ዳብሱ፤ እሾሁ እዚያው ካለ ሁለተኛውም ይፈነዳል። ካላማዳሪው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ግን ጥፋቱ የአየር ማነስ ነው።

ገንዘቡ

ማንንም ሳትጠይቁ ከድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳቡንና የደረሰኝ አሠራሩን ተቀበሉ፤ በአደባባይ መሰብሰብ በሕግ ፈቃድ የሚፈልግ መሆኑንም አረጋግጡ። ከእያንዳንዱ ተጓዥ የሚጠበቀው ዝቅተኛ መዋጮ ካልሞላ ልዩነቱን ማን ይከፍላል የሚለውን ከመመዝገባችሁ በፊት አንብቡ። ከተቻለ የመመዝገቢያ፣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪያችሁን ራሳችሁ ቻሉ፤ ካልቻላችሁ ለሰጪው በግልጽ ንገሩት። ሰው ለሕክምና ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለሆቴል ሲውል ማየት የለበትም።

ለመሰብሰብ ያሰባችሁትን ገንዘብ በኪሎ ሜትር አካፍሉት። 60,000 ለ400 ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 150 ይደርሳል። መጠኑ ያልተነገረው ሰው ስንት እንደሚሰጥ ሲያስብ ይውላል፤ ስለዚህ ድርሻውን ቁረጡለት። የመጀመሪያዎቹን 10 የቅርብ ሰዎች አንድ በአንድ፣ ለሌላው ከማሳወቃችሁ በፊት ጠይቁ። በኢንተርኔት ባዶ የመዋጮ ገጽ የሚያይ እንግዳ ያመነታል። መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? ከ10 ሳምንት በኋላ በ4 ቀን 400 ኪሎ ሜትር በብስክሌት እጓዛለሁ። የሚሰበሰበው ለሕፃናት የልብ ሕክምና ነው፤ የራሴን ወጪ እኔው ችያለሁ። የ10 ኪሎ ሜትሩን ድርሻ፣ 1,500፣ እስከ ዓርብ ብትሸፍንልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸህም ቅር አይለኝም።»

ዝም ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ረስቶ ነው። ከሳምንት በኋላ አንዴ፣ ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዴ አስታውሱትና ተዉት። የሥራ ቦታችሁ ሠራተኞቹ ባዋጡት ልክ የሚጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ ውሳኔው ስለሚጓተት ቢያንስ ሁለት ወር ቀድማችሁ አመልክቱ።

በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ከኪሳችሁ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። ሁለት ሰው ይቁጠረው፤ ቀኑ፣ ስሙ፣ መጠኑና የደረሰኝ ቁጥሩ በደብተር ይግባ፤ በማግስቱም ባንክ ይግባ። ለሰጠ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። ገጹን ጉዞው ካለቀ በኋላ ለ3 ሳምንት ክፍት ተዉት፤ እስክትደርሱ የሚጠብቁ ሰጪዎች አሉ። ሲዘጋ ለሁሉም አንድ መልእክት ላኩ፦ ስንት ተሰበሰበ፣ ለክፍያ አገልግሎት ስንት ተቆረጠ፣ ስንቱ በየትኛው ቀን ለድርጅቱ ገባ። የባንኩን ደረሰኝም አያይዙ።