የኢንሱሊን ፓምፕ ቢቆምስ?

የኢንሱሊን ፓምፕ (ቀኑን ሙሉ ኢንሱሊን በቱቦ ወደ ሰውነት የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ) ለምትጠቀሙ፣ በተለይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ በጀልባ ለምትሻገሩ፣ እባካችሁ ፓምፑን ብቻ ተማምናችሁ ከቤት አትውጡ።

ፓምፕ የሚሰጠው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ነው። ረጅም ሰዓት የሚሠራው ዓይነት ሰውነታችሁ ውስጥ የለም። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳር ይጨምራል፤ ኪቶንም (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር፣ ሲበዛ አደገኛ የሆነ አሲድ) መጠራቀም ይጀምራል። ጣና መሀል ደግሞ ፋርማሲ የለም።

ፈጣን ኢንሱሊን ከነመርፌው፣ የስኳር መለኪያ፣ የኪቶን መመርመሪያ፣ ትርፍ ባትሪና ከረሜላ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀት! ፓምፑ በየሰዓቱ ስንት ዩኒት እንደሚሰጣችሁ ጻፉበት። ስክሪኑ ከጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ፓምፑ ቢቆም ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን ስንት ዩኒት መውጋት እንዳለባችሁም ሐኪማችሁን ዛሬውኑ ጠይቁና እዚያው ላይ አስፍሩ።

ፓምፑ ከቆመ ባትሪውን እዩ፤ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነም ፈትሹ። ስኳራችሁ ከ250 mg/dL በላይ ከሆነ ማስተካከያውን ፈጣን ኢንሱሊን በመርፌ ውሰዱ እንጂ በዚያው ፓምፕ አትሞክሩ። ከዚያ በየ2 ሰዓቱ ለኩ፤ ውሃም ጠጡ። ትውከት፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ከመጣ ግን ቤት ሆኖ መጠበቅ አያዋጣም። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ የቀረባችሁ ጋ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ኢንሱሊኑን ጀልባው ላይ ፀሐይ እንዳይመታው። በላስቲክ ጠቅልላችሁ እርጥብ ጨርቅ ደርቡበት፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት።