ወጣት ዲያቆናትንና የሰንበት ተማሪዎችን ለአየር ንብረት ሥራ እንዴት እናሰልጥን?

አንድ ጊዜ ወጣት ዲያቆናትና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሆቴል ውስጥ ለሦስት ቀን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲሰለጥኑ አብሬ ነበርኩ። ፓወር ፖይንት ነበር፣ ካኔተራ ነበር፣ አበልም ነበር። በዓመቱ ከልጆቹ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ "እሺ፣ ምን ሠራችሁ?" ስለው ሳቀና "ካኔተራው እስካሁን አለ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አዳራሽ መከራየት ትቻለሁ። የማሰለጥነው አጸዱ (የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ) ውስጥ ነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ጊዜውን በጥቅምት ጀምሩት፣ ምክንያቱም ሐምሌ ላይ የምትተክሉት ችግኝ ከአሁኑ መፍላት አለበት። ከሁሉ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ አናግሩና ቡራኬ ተቀበሉ፣ ለሰበካ ጉባኤውም አሳውቁ። ይህን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ሥራው ገና ሳይጀመር "እነዚያ ልጆች" ይባላል፣ አለቀ።

አሥራ ሁለት ልጅ ይበቃል። ሰብሳቢውንና ጸሐፊውን ብቻ አትውሰዱ፤ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ፣ ደግሞ ቢያንስ ሁለት የአብነት ተማሪ ይኑር። ቆሎ ተማሪው እኮ አጸዱ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ነው የሚኖረው። ማታ በሬ ሲገባ የሚያየው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ቆጠራ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ደብተር ይዘው አጸዱን ይዙሩ፤ ትልልቅ ዛፎችን፣ ከጉልበት በታች ያሉ ቡቃያዎችን፣ ጉቶዎችንና አዲስ የተሠሩ የመቃብር ሐውልቶችን ለየብቻ ይቁጠሩ። ብዙ ቦታ የሚወጣው ውጤት አንድ ዓይነት ነው፤ ሽማግሌ ጽድና ወይራ ሞልቶ ቡቃያ የለም። ልጅ የሌለበት ቤት ማለት ነው። ዛፉን ማንም አልቆረጠውም፣ ግን ከብቱ ቡቃያውን ይበላዋል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ሲሚንቶው ሥሩን ይሸፍነዋል።

ይህ ጉዳይ ትንሽ አይደለም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ፣ ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ናቸው፣ ዙሪያቸው ደግሞ እርሻና ግጦሽ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እዚያ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር የሠሩት የድንጋይ አጥር ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፣ ስለዚህ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ከከብት ይድናል። አጥሩን ከደኑ ጫፍ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ካሠራችሁት መሀሉ ላይ ቡቃያ ይነሳል።

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ወደ አዛውንት ላኳቸው። እያንዳንዱ ሦስት ሰው ይጠይቅ፦ ምንጩ ድሮ እስከ ስንት ወር ይፈስ ነበር? ጤፍ መቼ ይዘራ ነበር፣ አሁንስ? መልሱን ይዘው ሲመጡ ያን ጊዜ ስለ ካርቦንና ስለ ሙቀት አስረዷቸው፤ ያኔ ይገባቸዋል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ምንጩ የደረቀው በአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ነው ብለው እንዳይሰብኩ። ተራራው ተመንጥሮም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይቶ የማይናገር ልጅን ገበሬው በአንድ ጥያቄ ያስቀምጠዋል።

የልጆቹ ስብከት አምስት ደቂቃ አይለፍ። ዘፍጥረት 2፥15 ላይ ሰው በገነት የተቀመጠው "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" ነው፤ ከዚህ ይነሱ። የሙስሊም ጀመዓ ወጣቶችና ደረሳዎች (የእስልምና ትምህርት ተማሪዎች) ካሉ ደግሞ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው ይትከላት የሚለው ሐዲስ አለ። ወሎ ላይ ሁለቱን በአንድ ቀን ማስተማር ምንም አይከብድም፣ እንዲያውም ፉክክሩ ይጠቅማል።

አሁን ከባዱ ክፍል። ዲያቆኑ ዕውቀት አያንሰውም፤ አንደበቱ የሚታሰረው አባቶች ፊት ሲቆም ነው። ስለዚህ አስመስሉ። አንዱ አስተዳዳሪ፣ አንዱ የሰበካ ጉባኤ አባል ይሁን፣ አንዷ ሐሳቧን ታቅርብ።

"ልጄ፣ ባሕር ዛፉ እኮ ነው የካህናቱን ደመወዝ የሚከፍለው።"

"እውነት ነው አባታችን። ያለው ይቁም። ሲቆረጥ ግን ምንጩ ጋ ያለው አንድ ረድፍ ብቻ በዋንዛና በወይራ ይተካልን።"

አያችሁ? ባሕር ዛፍ ክፉ ነው ብላ ብትጀምር ኖሮ እዚያው ያበቃ ነበር። አንድ ረድፍ ብላ ጠየቀች። ስለ መቃብር ሐውልቱም እንዲሁ፤ "ይከልከል" አይባልም፣ "ዛፍ ሥር አይሠራ፣ ቦታው ይከለልለት" ይባላል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ያለማምዷቸው፣ እየሳቁም ቢሆን።

ችግኙ ላይ አልዘገይም። ለችግኝ ማፍያው ፕላስቲክ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው በጥንቃቄ ሰንጥቁት፣ አለበለዚያ ወራት ያስጠብቃችኋል። ጉድጓዱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሲተከል ፕላስቲኩ ይውጣ (ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ስንቱን ነቅዬ አይቻለሁ መሰላችሁ)። ብዙ አትትከሉ። አሥራ ሁለት ልጅ ከሆኑ ለያንዳንዱ አምስት ችግኝ፣ 60 ማለት ነው።

ችግኝ የሚሞተው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ የሐምሌው ፎቶ ያን ጊዜ አያድነውም። ስለዚህ የውኃ ተራ አውጡ፣ የያንዳንዱ ልጅ ክርስትና ስም በችግኙ አጠገብ በትንሽ እንጨት ይጻፍ። መስጊድ ከሆነ የውዱእ (ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት) ውኃ በቦይ ወደ ችግኙ ይለቀቅ፣ ለዚህ አንድ ቀን ቁፋሮ ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አንድ ጀሪካን።

ከተተከለ በኋላ በሚመጣው ሰኔ ላይ እንደገና ይቁጠሩ፤ የሞተውም ይጻፍ፣ ለምን እንደሞተም። ከ60 ሠላሳው ቢተርፍ አትፈሩ፣ ግን አትደብቁ። ቁጥሩን ለሰበካ ጉባኤው ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት፣ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ።