አደይ አበባው ጥፍር ላይ እንዳይዝረከረክ

ለእንቁጣጣሽ ነጭ መደብ ላይ አደይ አበባ ስስል አምሮ ይወጣል፤ ቶፕ ኮት (ከቀለሙ በላይ የሚደረበው ማብረቂያ) ሲቀባበት ግን ቢጫው ተጎትቶ ይበላሽ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ቀለሙ ከጠርዙ ይላጣል። አሁን ሁለቱም ቀርተዋል።

የመዝረክረኩ ምክንያት ማሟሚያው ነው። ቶፕ ኮት ውስጥ ያሉት ኢቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት ያልደረቀ ቀለም ሲያገኙ መልሰው ያሟሙታል። የደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ፣ በተለይ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ቀለም ቶሎ አያደርቅም። ስለዚህ አበባውን ስጨርስ ሌላ ሰው ቡና ያፈላልኛል፤ በረካው እስኪደርስ ምንም አልነካም። ከዚያ ብሩሹ ላይ ቶፕ ኮት በዛ አድርጌ እይዝና ፀጉሩ ጥፍሩን ሳይጫን ጠብታውን ብቻ እየጎተትኩ አንዴ አሳልፋለሁ። መመላለስ የለም፤ ዋናው ነገር ይኸው ነው።

መላጡ የመጣው ከቅቤ ነው። ፀጉር ቅቤ የቀባ እጅ በሳሙና ቢታጠብም ጥፍሩ ላይ ስስ ቅባት ይቀራል፣ ቀለምም አይይዝም። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በነካ ጥጥ አንዴ መጥረግ በቂ ነው። ልብስ ታጥቦ ወዲያውም አይቀባም፦ ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ደርቆ ሲሰበሰብ ቀለሙን ይለቀዋል።

ለአበባው የሚገዛ መሣሪያ የለም። የስቴኪኒ ጫፍ ቢጫ ውስጥ እየነከሩ ነጠብጣቡን በክብ መደርደር፣ መሃሉን በብርቱካናማ መንካት ነው።

እህቶቼ፣ አሴቶኑም ቀለሙም በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ ከቡናው ከሰል ርቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።