አሮጌ ፒካፕ በሦስት ሲሊንደር ሲሄድ፦ የሚቆራርጥ ሞተርን እንዴት ፈትሾ መጠገን ይቻላል

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ የቤንዚን ፒካፕ፣ ጭነቱ ሳይበዛ ጉልበቱ ከጠፋና መሪው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሞተሩ ከተናጠ፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ቢያንስ አንዱ የገባለትን ቤንዚን በአግባቡ እያቃጠለ አይደለም። በጋራዥ «በሦስት ነው የሚሠራው» የሚባለው ይህ ነው። መኪናው ስለሚንቀሳቀስ ብዙ ባለቤቶች ለሳምንታት እንዲሁ ይነዱታል፤ ነገር ግን ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ስለሚወርድና የሞተሩን ዘይት ስለሚያቀጥን፣ በአንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ዋጋ የሚያልቀው ጉዳይ ሞተር ወደ ማውረድ ሊያድግ ይችላል።

እኔ የምነዳው 22አር ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። 2,366 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) እና ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ያለው ሞተር ነው። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ልኮች የዚህ ሞተር ሲሆኑ፣ የአፈታተሹ ሥርዓት ግን ካርቡራተር ላለው ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ይሆናል። ናፍጣ ካንዴላ ስለሌለው መንገዱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ መቼ እንደሚቆራርጥ ይለዩ

ቁልፍ ከማንሣትዎ በፊት ሁለት ቀን ያስተውሉ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ፣ ቆሞ ሲሠራ ብቻ ተናጥቶ ቤንዚን ሲሰጡት የሚስተካከል ከሆነ፣ ከካርቡራተሩ በታች አየር የሚሰርቅ ቦታ አለ ወይም አንድ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። በሚኒሞ ሰላማዊ ሆኖ ዳገት ላይ ጭነት ሲይዝ ብቻ የሚቆራርጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ብልጭታው ወይም ወደ ቤንዚን እጥረት ይዞራል፤ በጭነት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ደካማ ብልጭታ በካንዴላው ጫፍ መዝለል ያቅተዋልና። በክረምት ማለዳ፣ የጦሳ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ ብቻ የሚቆራርጥና ፀሐይ ሲወጣ የሚተወው ከሆነ ደግሞ የካንዴላ ገመዶችንና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከሁሉም በፊት ይፈትሹ።

መኪናውን ለጥ ያለ ቦታ ያቁሙ። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ የእጅ ፍሬን ስበው ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፉ፤ በእጅ ፍሬን ብቻ ተማምኖ ሞተር እየሠራ ከፊት ለፊቱ መቆም ተገቢ አይደለም።

የታመመውን ሲሊንደር መለየት

ያለዚህ እርምጃ የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ ግምት ነው። የተለመደው ዘዴ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይደክማል፣ የታመመው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አይታይም። ሆኖም በባዶ እጅ የሚነቅል ሰው በከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይመታል። የተነቀለው ገመድ በአየር ላይ ሲንጠለጠል ደግሞ ኤሌክትሪኩ መውጫ አጥቶ ቦቢናውን (ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን) እና ከእሱ ጋር የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍተው አንዱን ገመድ ይንቀሉ፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ካንዴላ ሰክተው የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያገናኙ፣ ከዚያ አስነሥተው ያዳምጡ። ለአራቱም ይህንኑ ይድገሙ።

እኔ ከዚህ የበለጠ የምወደው የውሃ ጠብታ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት አስነሥተው አንድ ደቂቃ ያህል ያሠሩትና፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር የጭስ ማስወጫ ቱቦ መነሻ ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡ። በሦስቱ ላይ ውሃው ወዲያው ሲተን፣ በታመመው ላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ምንም የሚነቀል ነገር የለም። ጠብታ ብቻ ይበቃል፤ የጋለ ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል።

ካንዴላ፣ ገመድና ክዳን

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራቱንም ካንዴላዎች ፈትተው በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ይደርድሩ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀቱ የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። በቤንዚን የረጠበ ካንዴላ ብልጭታ እንዳልደረሰው ይናገራል። በዘይት የተለወሰ ከሆነ ዘይት በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) ወይም በቫልቩ በኩል እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ የገረጣ ካንዴላ ቤንዚን አንሶታል፣ ደረቅ ጥላሸት የለበሰ ደግሞ ቤንዚን በዝቶበታል። አራቱም በእኩል ጥላሸት ከለበሱ ጉዳዩ የአንድ ሲሊንደር ስላልሆነ በኋላ ወደ ካርቡራተሩ እንመለስበታለን። አሁን የሚፈለገው ከሦስቱ የተለየው ነው።

የታመመውን ሲሊንደር ካንዴላ ከጤነኛው ጋር ያቀያይሩና ምርመራውን ይድገሙ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ፍርዱ ተሰጥቷል። ካልተከተለው ገመዱን እንዲሁ ያቀያይሩ። ቴስተር ካለዎት የአንድ ገመድ መቋቋም ከ25 ኪሎ ኦም ማለፍ የለበትም። ካንዴላን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ጫፉን ያጠጋግተዋል፣ ብናኙም በሸክላው ሥር ይቀራል። አዲስ ሲገዙ አራቱንም ይግዙ፣ ክፍተታቸውን 0.8 ሚሊ ሜትር ያድርጉ፣ ጥርሱን በእጅ ካስያዙ በኋላ ብቻ በቁልፍ ያጥብቁ።

ገመዶቹን ሲመልሱ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ። የዚህ ሞተር የመቀጣጠል ተራ 1-3-4-2 ነው። ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሁለት ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ይሞታልና፣ ከመንቀልዎ በፊት በየገመዱ ላይ ቁጥር መለጠፍ ይበጃል።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በቀን ብርሃን፣ ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙረው ይመልከቱ። የሚፈልጉት በሁለት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ጫፎች መካከል በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ብልጭታው ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ በዚያ መስመር ወደ ጎረቤቱ ይሸሻል። በጉምና በዝናብ ጊዜ የሚብሰውም እርጥበት ለዚሁ መስመር ስለሚያግዘው ነው። ካንዴላውና ገመዱ ተቀያይረው ሕመሙ እዚያው ከቀረ፣ ክዳኑን መጠርጠር አለብዎት። ማታ በጨለማ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በመርጫ ጠርሙስ ስስ የውሃ ጉም በገመዶቹና በክዳኑ ላይ ቢረጩ ደግሞ የሚሸሸው ብልጭታ በዓይን ይታያል። እጅዎ ግን ይራቅ። የተሰነጠቀ ክዳን በማጣበቂያ አይድንም፤ መለወጥ ብቻ ነው።

ኮምፕሬሽን፦ እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዬ በክረምት መቆራረጥ ሲጀምር ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ዘልዬ በቀጥታ ወደ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ልኬት ሄድሁ። ደሴ ላይ ስለካ ቁጥሮቹ 122፣ 125፣ 124 እና 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሆኑ። የሞተሩ መጽሐፍ የጤነኛ ሞተር ልክ 171፣ ዝቅተኛው ደግሞ 142 እንደሆነ ይናገራል። አራቱም ከዝቅተኛው በታች ስለሆኑ ፋሻው አልቋል ብዬ ደመደምሁ። ቴስታታው ወረደ፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ተለወጠ፣ መኪናው ሦስት ሳምንት ቆመ፣ የወራት ቁጠባዬም ሄደ። ሞተሩ ተገጥሞ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ 126 ገደማ ሆነ፤ በመጀመሪያው ጉም ማለዳ ደግሞ ሞተሩ እንደ ድሮው ቆራረጠ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፉ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሮቹን ሰምተው «ልጄ፣ የለካኸው የት ሆነህ ነው?» አሉኝ። «ደሴ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «አብሽር» አሉኝ፣ «ሞተርህ ቀድሞም ጤነኛ ነበር፤ የጎደለው አየሩ ነው።» ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሥተው፣ ከላይ ያልኩትን ቀጭን ጥቁር መስመር በጥፍራቸው አሳዩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ከፍታ ነው። ሞተር የሚያምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 171 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 126 ገደማ፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ 137 ገደማ ያሳያል። ዝቅተኛው ልክም በዚያው መጠን ወርዶ ደሴ ላይ 105 ገደማ ይሆናል። የኔ 120 እና 125 የደሴ ጤነኛ ሞተር ቁጥሮች ነበሩ። ይህን ሳያውቅ መለኪያ የሚያነብ ሰው በወሎ ደጋ ያለውን ሞተር ሁሉ ያረጀ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር የአራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረብ ነው። ከፍታው አራቱንም እኩል ዝቅ ያደርጋል እንጂ አንዱን ለይቶ አይጎዳም። መጽሐፉ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 14 ፒኤስአይ ነው፤ በደጋ ላይ ይህንንም ወደ 10 ማውረድ ተገቢ ነው። የኔዎቹ በመካከላቸው የ5 ልዩነት ብቻ ስለነበራቸው፣ አንድን ሲሊንደር ብቻ የሚገድል የውስጥ ብልሽት እንደሌለ መለኪያው ራሱ እየነገረኝ ነበር።

ልኬቱ እንዲታመን ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ካንዴላዎቹ ሊነኩ እስኪችሉ ድረስ ይጠብቁ፣ አራቱንም ይፍቱ፣ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይንቀሉ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን ያረጋግጡ። ረዳት የቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ሲያዞር፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ አምስት ስድስት ምት ያህል ይቁጠሩ። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር ስለማይገባ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። በእጅ ተጭኖ የሚያዝ ባለ ጎማ ጫፍ መለኪያ ርካሽ ቢሆንም በጎኑ ስለሚያስተነፍስ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሞተር ማውረድ አይገባም፤ እንደ ካንዴላ በጥርስ የሚገባውን ይዋሱ ወይም ይግዙ።

አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። እርስ በርስ የተጎራበቱ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ቫልቭ ከተጠረጠረ ቴስታታ ከማውረድ በፊት ክፍተቱን ይለኩ፤ ሞተሩ ሞቆ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ የጠፋ ማስወጫ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያስመልጣል፣ ቶሎ ከተደረሰበት በካቻቢቴና በቁልፍ ብቻ ይስተካከላል፣ ከዘገየ ግን ይቃጠላል።

አየርና ቤንዚን

ብልጭታውና ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆኑ የቀረው ይህ ነው። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮንና ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችን ይመልከቱ፤ ከዕድሜ ብዛት የተሰነጠቀ ቱቦ በጣት ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ያልታየ ማስረቂያ ለማግኘት ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በየመጋጠሚያው ላይ ትንሽ ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ ሰዎች አሉ። በጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ሰውንም ያቃጥላልና በፍጹም አያድርጉት።

ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን ከተቀመጠ የቀዱ ከሆነ ጥቂቱን በንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ ቀድተው ለግማሽ ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ያስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከሥሩ ተለይቶ ይተኛል። የቤንዚን ማጣሪያ ርካሽ ስለሆነ ከመመርመር መለወጥ ይቀላል።

አራቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ከለበሱ የአየር ፊልትሮውን አጽድተው ይጀምሩ። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ፣ በደሴ ስስ አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል። የሚኒሞ ድብልቅ ማስተካከያ ብሎኗን ከመንካትዎ በፊት እስክትዘጋ ድረስ ስንት ዙር እንደሆነች ቆጥረው ይጻፉ፣ ሳያጠብቁም ወደ ቦታዋ ይመልሷት፤ ከዚያ በሩብ ዙር ብቻ እየሄዱ ሞተሩ ረጋ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ዘወትር ወደ ባቲና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና ግን ለደሴ ተብሎ በጣም ቤንዚን ሊቀነስበት አይገባም፤ እዚያ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናውን በተለመደው ጭነቱ ሐረጎን ያስወጡት፤ ሜዳ ላይ ጥሩ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ዳገቱን ሳይቆራርጥ ከወጣ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ታሞ የነበረውን ሲሊንደር ካንዴላ አንድ ጊዜ ፈትተው ከሌሎቹ ጋር ቀለሙን ያስተያዩ። የአራቱን ሲሊንደሮች የኮምፕሬሽን ቁጥርም ከቀኑና ከለኩበት ከተማ ስም ጋር በወረቀት ጽፈው ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ የሚቀጥለው ልኬት የሚነጻጸረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።