ቤት እያሉ አለመኖር፦ ልጆቻችንን በእምነት ለማሳደግ ከየት እንጀምር

የትልቋ ልጄ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀ ቀን እኔ ቤት ነበርኩ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ እያየሁ። ከሠራተኛችን ጋር ወጥተው ጥርሷን ጣራ ላይ ወርውረው ተመልሰዋል፣ እኔ ያወቅኩት ከሁለት ቀን በኋላ ቁርስ ላይ ስትስቅ ክፍተቱን አይቼ ነው። "መቼ ወለቀ?" ስላት "ድሮ" አለችኝ። ያኔ 6 ዓመቷ ነበር። በዛ ሰሞን እኮ ጠዋት ጠዋት ጸሎት አደርሳለሁ፣ እሁድ አስቀድሳለሁ፣ ልጆቹንም ሰንበት ትምህርት ቤት አስመዝግቤያለሁ፣ ክርስቲያን አባት ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ያቺ "ድሮ" የምትለው ቃል ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።

ከዛ በኋላ ዘዳግም 6 ቁጥር 7ን ሳነብ አንዲት ቃል ያዘችኝ። የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆችህ አስተምረው ይልና "በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው" ይላል። ተጫወተው! ስበከው አይደለም፣ ገሥጽበት አይደለም። በኛ ቋንቋ ደግሞ ጨዋታ ማለት ወሬም ነው፣ ልጆች መሬት ላይ የሚጫወቱትም ነው፣ እንግዳ ቤታችን ሲመጣ "ተጫወት እንጂ" እያልን አጠገቡ ቁጭ የምንልለትም ነው። ለእንግዳ ቲቪ ቀንሰን ቡና አፍልተን ፊት ለፊቱ እንቀመጣለን፣ ለልጃችን ግን "ቆይ አንዴ" እንላለን። እኔ የጀመርኩት ከዛች ቃል ነው፣ ጥቅሱ የጠራቸውን አራት ቦታዎች ይዤ። ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዛ ናቸው፣ ሌላ ቤተ እምነት ያላችሁ እንደ ቤታችሁ አድርጉት።

ቤት ስትቀመጥ

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ስልክ እያወራሁ ወደ ቤት መግባት ማቆም ነው፣ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ስለሆነ የጀመርኩትን ወሬ ደረጃው ላይ ቆሜ እጨርሳለሁ፣ ድምፁን አጠፋለሁ፣ ከዛ ነው በር የማንኳኳው። ስልኩ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፣ ኪስ ውስጥ አይደለም፣ ኪስ ውስጥ ካለ እጅ ይሄዳላ። የመጀመሪያዋ 20 ደቂቃ የልጆቹ ናት። ልብስ ሳልቀይር መሬት ላይ እቀመጣለሁ፣ አራት ዓመቱ ትንሹ ልጄ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ይወጣል፣ ትልቋ ግን ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ ሳምንት ጭራሽ አልመጣችም፣ እዛው ሆና አየችኝ። አትቸኩሉ፣ ለዓመታት የጠፋ ሰው በሦስት ቀን አይታመንም።

አጠያየቅ ላይ ደግሞ፣ "ትምህርት እንዴት ነበር?" ካላችሁ መልሱ "ደና" ነው፣ አለቀ። ትንሽ ትንሽ ነገር ጠይቁ፣ ዛሬ ምሳቃሽን ከማን ጋር በላሽ፣ እረፍት ላይ ማን ወደቀ፣ ቲቸር የተቆጣችው ማንን ነው። ከሁሉ የሠራልኝ ግን መጀመሪያ የራሴን መናገር ነው። "ዛሬ ቢሮ አንድ ሰው ጮኸብኝና በጣም ከፋኝ" ስላት ዓይኗ ይፈጣል፣ "ከዛስ ምን አልከው?" ትላለች፣ ከዛ የሷን ታመጣዋለች፣ ሳልጠይቃት። ስለ ይቅርታ፣ ስለ እውነት መናገር ከልጄ ጋር ብዙ ያወራነው እንደዚህ ነው እንጂ አስቀምጬ መክሬያት አይደለም።

ራትም አብራችሁ ብሉ። ብዙ ቤት ልጆች ቀድመው ከሠራተኛ ጋር ይበላሉ፣ አባት ማታ ለብቻው ይቀርብለታል፣ እኛም እንደዛ ነበርን። አሁን ቢያንስ በሳምንት አራት ቀን ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ ቲቪ ይጠፋል፣ ጸሎቱን ልጆቹ በተራ ያደርሳሉ፣ ጉርሻ አለ። ትንሹ እኔን ሲያጎርሰኝ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ይቀራል፣ ይቅር፣ ይታጠባል።

መንገድ ስትሄድ

ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ትምህርት ቤት ስታደርሱ፣ ትራፊክ ውስጥ ያለው ጊዜ እንደ ባከነ አትቁጠሩት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስናልፍ ስናማትብ ልጅ "ለምን?" ይላል፣ ያኔ ተረቱን መጀመር ነው። የኛ የወር በዓላት ራሳቸው ካሪኩለም ናቸው እኮ! ዛሬ 19 ነው፣ ገብርኤል ነው፣ እነ አናንያ አዛርያ ሚሳኤል እሳት ውስጥ ሲጣሉ ምን ሆነ ብላችሁ ጀምሩ፣ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ታሪኩን እነሱ ይነግሯችኋል። ጾመ ነነዌ 3 ቀን ናት፣ ለዮናስ ከዛ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን እንደ ተረት ንገሯቸው፣ ዓሣው ሆድ ውስጥ ጨለማ ነበር? ሽታውስ? ብለው ይጠይቁ፣ መልሱን ካላወቃችሁ "አላውቅም፣ የንስሐ አባታችንን እንጠይቃቸው" በሉ። እኛ ጋር ጥያቄው ተጠራቅሞ ቄሱ ጠበል ሊረጩ ቤት ሲመጡ ልጄ አምስት ጥያቄ ይዛ ጠበቀቻቸው።

ስትተኛ

አጭር ይሁን። አባታችን ሆይ፣ ከዛ "ዛሬ ለማን እንጸልይ?" ብሎ መጠየቅ። የሚጠሩት ሰው የሚያስጨንቃቸውን ያሳያችኋል፣ ልጄ ሦስት ማታ በተከታታይ አብራት ለምትቀመጠው ልጅ ጸለየች፣ ስንጠይቅ የልጅቷ እናት ሆስፒታል ገብታለች። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ ጸሎትን መገሠጫ አታድርጉት፣ "ጌታ ሆይ ይህቺን ልጅ ታዛዥ አድርግልን" እያሉ እሷ እየሰማች መጸለይ ልጁ እግዚአብሔርን ከአባቱ ጋር ሆኖ የሚከሰው አድርጎ እንዲያስበው ነው የሚያደርገው።

ስትነሣ

ጠዋት ጥድፊያ ነው፣ ብዙ አልጠብቅም። ከመውጣታቸው በፊት ግንባራቸው ላይ በመስቀል ምልክት አማትቤ እስማቸዋለሁ። 10 ሰከንድ ናት።

ቅዳሴ ላይ

ልጅ ዝም እንዲል ስልክ መስጠት ቀላል ነው፣ ብዙ ቦታ አያለሁ፣ ግን ልጁ የሚማረው ቅዳሴ ማለት እስኪያልቅ የሚታገሡት ነገር መሆኑን ነው። አጠገባችሁ አድርጉት፣ በጆሮው ሹክ በሉት፣ "አሁን ዲያቆኑ ተንሥኡ ሲል እንነሣለን፣ ስማ"። ትንሽ ሥራ ስጡት፣ ጧፍ ይያዝ፣ ሥዕሎቹን ይቁጠር። ሲደክመው ግቢ ውስጥ ይዛችሁት ውጡና ተመለሱ፣ ኃጢአት አይደለም፣ ጌታ ሕፃናትን ተዉአቸው አትከልክሉአቸው ያለው እኮ ደቀ መዛሙርቱ ሲከለክሉ አይቶ ተቆጥቶ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ትምህርት ዝግ ነው፣ እኔ አምና ከዓመት ፈቃዴ 5 ቀን ለዛ አወጣሁ፣ ቀን ቀን አብረን ሄደን አስቀድሰን በእግር እያወራን ተመለስን። ለሠርግና ለለቅሶ ፈቃድ እንወስድ የለ?

ስንቆጣ

መቆጣታችን አይቀርም፣ እኔም ጮኬ አውቃለሁ። ኤፌሶን 6 ቁጥር 4 ግን "አታስቆጡአቸው" የሚለው አባቶችን ነው፣ ስማችንን ጠርቶ። እኛ ባደግንበት ቤት አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፣ ለዛ ይሆናል መጀመሪያ ቀን ምላሴ የተሳሰረው። ዝቅ ብዬ ዓይኗን እያየሁ "የጮኽኩብሽ ደክሞኝ ነው፣ አንቺ አላጠፋሽም፣ ይቅርታ" አልኳት። "ግን" አትጨምሩበት፣ "ይቅርታ ግን አንቺም..." ካላችሁ ፈረሰ። ጥፋት ካለ በሌላ ሰዓት ለብቻው ይወራል።

ሩቅ ለሆናችሁ

አረብ አገር እየሠራችሁ ልጆቻችሁ አያት ጋር ያሉ እናቶች ይሄን ስታነቡ እንዳይከፋችሁ። እህቴ እዛ ነው ያለችው፣ ማታ ማዳሞቿ ሲተኙ በኢሞ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ትልካለች፣ አንድ ተረት ወይ አንድ ጸሎት፣ ከዛ አንድ ጥያቄ። ልጇ በነጋታው በድምፅ ይመልሳል። ስለ ፈተናና ስለ ብር የሚወራው በሌላ ቀን ነው፣ ያቺ ድምፅ የጨዋታ ብቻ ናት።

ኦቨርታይም ያለ ቀን ደግሞ ጠዋት ንገሯቸው፣ "ዛሬ አመሻለሁ፣ ተኝታችሁ ነው የምደርሰው" በሉ። "እመጣለሁ ጠብቁኝ" ብላችሁ አትቅሩ፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የተባለው ለልጅም ነው። "ቅዳሜ" ካላችሁ ቅዳሜ ይሁን። ካልቻላችሁ ደውላችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው፣ በናታቸው አታስነግሩ።