የሐረጎ ቁልቁለትና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ፦ አንድን ጥያቄ እስከ ጥጉ መሥራት

ፊዚክስን የሚያከብደው የፎርሙላው ብዛት አይደለም። ፎርሙላው የት ቦታ እንደማይሠራ ሳይታወቅ መሸምደዱ ነው። ስለዚህ በአንድ ማታ 30 ጥያቄ በሩጫ ከመጨረስ ሦስቱን እስከ ጥጋቸው መሥራት ይሻላል። እስከ ጥጉ ሲባል እንዲህ ነው።

ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሱዙ በሐረጎ ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። ሾፌሩ ፍጥነቱን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ላይ ሳይለውጥ ይነዳል እንበል። የአየሩንና የጎማውን ሰበቃ ለጊዜው ተዉት። ፍሬኑና ሞተሩ በየሰከንዱ ስንት ጁል መያዝ አለባቸው?

ብዙ ተማሪ ከፍታ የሚል ቃል እንዳየ «ኤም ጂ ኤች እኩል ይሆናል ግማሽ ኤም ቪ ስኩዌር» ብሎ ይጀምራል። ጂን፣ ማለትም የመሬት ስበት የሚሰጠውን ፍጥንጥነት፣ 10 ብሎ ሲጨርስ ቪ 110 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይመጣል፤ በሰዓት ከ390 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በሐረጎ አንዴ እንኳ የወረደ ሰው ይህን መልስ አይቶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ የለበትም! ፎርሙላው አልተሳሳተም፤ ፍሬን ለማይዝ፣ ሰበቃ ለሌለው መውረድ የሚሆነው እዚህ ገባ እንጂ። ጥያቄው ፍጥነቱ አይለወጥም ካለ ካይኔቲክ ኢነርጂውም አይለወጥም፤ የወረደው ፖቴንሻል ኢነርጂ በሙሉ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት።

አሁን ሥዕሉን ሣሉ፤ ያለ ሥዕል አትጀምሩ። መኪናው ላይ ሦስት ፎርስ ብቻ ይኖራል፦ ክብደቱ፣ መንገዱ ከገጹ በ90 ዲግሪ ወደ ላይ የሚገፋበት፣ ወደ ኋላ የሚይዘው። ቀጥሎ 36ን ለ3.6 አካፍሉ፣ 10 ሜትር በሰከንድ። ዩኒቱን በየመስመሩ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚጽፍ ሰው ስህተቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው።

8,000 በ10 በ600 ሲባዛ 48 ሚሊዮን ጁል ነው። ጉዞው የሚፈጀው 25,000 ሜትር ለ10 ሲካፈል 2,500 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ፓወሩ፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚያዘው ጁል፣ 48 ሚሊዮን ለ2,500 ሲካፈል 19,200 ዋት።

እዚህ አታቁሙ፣ በሌላ መንገድ ፈትኑት። የመንገዱ ሳይን 600 ለ25,000፣ ማለትም 0.024 ነው። ክብደቱ 80,000 ኒውተን ስለሆነ ቁልቁል የሚስበው 1,920 ኒውተን ነው፤ በ10 ሜትር በሰከንድ ሲባዛ ያው 19,200 ዋት። ሁለቱ ባይገጥሙ ኖሮ ስህተቱ የት እንዳለ ራሳችሁ ታገኙት ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ ይህ አምስት ምጣድ ተኩል 42 ደቂቃ ሳይጠፋ እንደመጣድ ነው። ሾፌሩ ከባድ ማርሽ የሚያስገባውም ሙቀቱን ፍሬን ብቻውን እንዳይሸከመው ነው። በመጨረሻ ጥያቄውን ለውጡት፦ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምርስ? ኢነርጂው ያው ነው፤ ፓወሩ ግን እጥፍ ይሆናል፣ ጊዜው በግማሽ ስለሚያጥር።

ጂን ራሳችሁ ለመለካትም ላብራቶሪ ለሌለው ክርና ጠጠር ይበቃል። ጠጠሩን ክር ላይ አንጠልጥሉና ከላይኛው ቋጠሮ እስከ ጠጠሩ መሃል 1 ሜትር ለኩ፤ እስከ ታችኛው ቋጠሮ ብቻ አትለኩ። ከ10 ዲግሪ ሳያልፍ ወደ ጎን ሳቡና ልቀቁት፤ በስልክ ሰዓት 20 ምልልስ ቁጠሩ። 40.2 ሰከንድ አካባቢ ከመጣ ፔሬዱ (የአንድ ምልልስ ጊዜ) 2.01 ሰከንድ፣ ጂ ደግሞ (4 በፓይ ስኩዌር በክሩ ርዝመት ተባዝቶ ለፔሬዱ ስኩዌር ሲካፈል) 9.77 ይሆናል፤ ለደሴ ከፍታ ጥሩ ውጤት ነው። 10.8 ካገኛችሁ የለቀቃችሁበትን ቅጽበት «አንድ» ብላችሁ ቆጥራችኋል፣ 19ኙን 20 አድርጋችሁታል። ቆጠራው የሚጀምረው ከ«ዜሮ» ነው።

ለስህተት የተለየ ደብተር ያዙ። ትክክለኛውን መልስ ሳይሆን የተሳሳታችሁበትን መስመርና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ፦ «ፍጥነቱ ቋሚ መሆኑን ሳላነብ ጀመርኩ»። ከሦስት ቀን በኋላ ጥያቄውን ያለ ደብተሩ፣ ያለ ካልኩሌተር እንደገና ሥሩት። ያው መስመር ላይ ከወደቃችሁ ችግሩ ከሒሳቡ አይደለም፤ ወደ ምዕራፉ መግቢያ ተመለሱ።