እንጦጦ ላይ በዘይት ቀለም ስትስሉ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንጦጦ እደርሳለሁ። 3 ሰዓት ሲሆን ዕቃዬን እሰበስባለሁ። ከዚያ በላይ አንድ ሸራ ላይ አትቆዩ፤ ጥላው ቦታውን ቀይሮ ሌላ ሥዕል ይሆንባችኋል።

ሸራው ትንሽ ይሁን፤ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ቀደም ብላችሁ በስሱ ቡናማ ቀቡት። ነጭ ሸራ ፀሐይ ላይ ዓይን ይወጋል።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ እንዳለ አትቀቡ፣ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው። አልትራማሪን ሰማያዊና ኦከር ቢጫ ቀላቅሉ፣ ነጭ ጨምሩበት፣ ከዚያ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ጣል አድርጉ። ቀይዋ አረንጓዴውን ታበርደዋለች፤ ያ አመድማ ቅጠል እንዲህ ነው የሚመጣው። እኔ አንዴ ቀዩን አበዛሁትና ዛፌ ሽሮ መሰለ። ቅልቅሉን ግን አልደፋሁትም፣ ለመንገዱ አፈር ልክ ሆነልኝ።

ራቅ ያለውን ተራራ ሰማያዊና ፈዘዝ አድርጉት። ለጥላ ጥቁር አትንኩ፤ ሰማያዊና ቡናማ ይበቃል።

ዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ታክሲ ውስጥ የሰው ጃኬት ቀብቼ፣ የደረሰብኝን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሸራዬን በፒዛ ካርቶን ይዤ ነው የምወርደው።